ማርሚታ ያስቀየረ ሰው ለምን ራሱን ያመዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የቆየ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ማርሚታ በዝገት ሲበሳ የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። ባለመኪናው መጀመሪያ ያስበይዳል። ብየዳው ጥቂት ወር ይቆይና ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። ደግሞ ያስበይዳል። በሦስተኛው ላይ "ወንድሜ፣ ይሄ ላሜራ እኮ አልቋል፤ ብየዳ አይዝም" ይባላል። የኦሪጅናሉ ዋጋ ሲጠየቅ ወሬው ሁሉ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እዚያው ተቀጥቅጦ የተሠራ ወይም ከሌላ መኪና የተፈታ ማርሚታ ይገጠማል። ሞተሩ ይነሳል፤ ድምፁ ወፈር ብሏል፤ እንዲያውም ያምራል። ከሰፈር ሰፈር ሲነዳም ምንም አይል።

ቅዳሜ ቤተሰቡን ጭኖ በቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የክፍያ መንገድ ሲገባ ግን ነገር ይመጣል። ፍጥነቱ 90 አልፎ ወደ 100 ሲጠጋ መኪናው ውስጥ አንድ ድምፅ ይሞላል። ጩኸት አይባልም። ጆሮን አይወጋም፤ ይደፍናል እንጂ። ደረት ላይ ይቀመጣል፤ የበሩን ፕላስቲክ ያንቀጠቅጣል፤ ከፊትና ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ለመነጋገር መጮኽ ይጀምራሉ። ነዳጅ ሲለቀቅ ይጠፋል፤ ሲረገጥ ይመለሳል። ፍጥነቱ 115 ሲደርስ ደግሞ ቀለል ይላል። ጉምጉምታ ቢባል ስሙ ይገልጸዋል።

ብዙ ሰው ለዚህ ያለው መልስ ሬዲዮ መጨመር ነው። ሌላው መስኮት ይከፍታል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተከፈተ መስኮት የራሱን ማዕበል ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው "አሮጌ መኪና እኮ ነው፣ ምን ይደረግ" ብሎ ይተወዋል። እየበዛ ያለው አራተኛው ወገን ደግሞ ጥቁር ምንጣፍ መሰል ላስቲክ ገዝቶ የመኪናውን ወለልና በር ያስለብሳል። ከነዚህ አራቱ አንዱም ችግሩን አይነካውም። የሚገርመው መፍትሔው ከአራተኛው በብዙ የሚረክስ፣ ማንኛውም ቱቦ የሚበይድ ሰው በግማሽ ቀን ሊሠራው የሚችል መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈነዳል። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚዞር ከሆነ በሰከንድ 50 ዙር ነው፤ ይህም 100 ፍንዳታ ማለት ነው። እያንዳንዱ ፍንዳታ በጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ አንድ የግፊት ምት ይልካል። በሰከንድ 100 ምት፣ 100 ኸርዝ። አሮጌ ማንዋል ኮሮላ በአምስተኛ ማርሽ 100 ሲነዳ ዙሩ እዚሁ አካባቢ ነው። አውቶማቲክ የሆነው ዝቅ ባለ ዙር ስለሚሄድ 70 ወይም 80 ኸርዝ ላይ ይውላል። ባለመኪናው ስሌቱን በቃሉ ሊይዘው ይችላል፦ ለአራት ሲሊንደር የዙሩን ቁጥር ለ30 ማካፈል ነው። አንዳንዱ ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነ ለ40 ይካፈላል።

አሁን መኪናው ራሱ እንደ ከበሮ ሆድ ይታሰብ። በሮችና መስኮቶች ሲዘጉ ከፊት መስታወት እስከ ኋላ መስታወት ሁለት ሜትር፣ ቢበዛ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን አየር ታሽጎ ይቀመጣል። የዚህ ርዝመት አየር በራሱ የሚያስተጋባው ድምፅ ከ70 እስከ 85 ኸርዝ ድረስ ያለው ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ምት እና የመኪናው ሆድ የሚወደው ምት ሲገጥሙ ያ ጉምጉምታ ይወለዳል። ፍጥነቱ ትንሽ ሲቀየር የሚጠፋውም ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ተላለፉ። ከመኪናው ወለልና ከኋላው ክዳን ላሜራ ጋር የሚገጥምበትም ጊዜ ስላለ ከዚህ ከፍ ባለ ዙር የሚያጉረመርም መኪና አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪና የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ መኪናው ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። ዝቅተኛው ማስተጋባት በሁለቱ ጫፎች፣ ማለትም በፊት መስታወቱና በኋላ መስታወቱ አጠገብ ይበረታል፤ መሐል ላይ ይደክማል። የሹፌሩ ራስ ያለው ከሞላ ጎደል መሐል ላይ ነው። የኋላ ወንበር ተቀማጭ ራስ ግን ኋላ መስታወቱ ሥር ነው። ስለዚህ ልጅ ታቅፋ ከኋላ የተቀመጠች እናት "ኧረ ይሄ ድምፅ ጆሮዬን ደፈነው" ስትል፣ ሹፌሩ "ምን ድምፅ? እንዲህ እኮ ነው መኪናው" ቢላት እየዋሸ አይደለም፤ እሱ ጋ በእርግጥ ያንሳል። ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራውም፣ "ይቅር" የሚለውም እሱ ነው። ራይድ ለሚሠራ ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ጭምር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከኋላ የሚቀመጠው ደንበኛው ነው። ባለመኪናው አንድ ቀን መሪውን ለሌላ ሰጥቶ ከኋላ ተቀምጦ እስከ ቢሾፍቱ ቢሄድ ክርክሩ ያልቅ ነበር።

ሌላው አሳሳች ነገር የስልክ መለኪያ ነው። የድምፅ መለኪያ አፕ አውርዶ "ይኸው 68 ዴሲቤል ነው፣ ጤነኛ ነው" የሚል አይጠፋም። እነዚህ መለኪያዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ሚዛን የሰው ጆሮ ወፍራም ድምፅን በደንብ አይሰማም ብሎ ስለሚያስብ 100 ኸርዝ ላይ 19 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የስልክ ማይክ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አጥርቶ አይዝም። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ራስ ምታቱ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ስልክ ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማል፦ የድምፁን ዓይነት በመስመር የሚያሳይ አፕ ካለ፣ የትኛው ኸርዝ ላይ ጉብታ እንደሚወጣ ያሳያል። ያ ቁጥር ኋላ ያስፈልጋል።

ስለ ምንጣፉ። ጥቁሩ ከባድ ላስቲክ ከንቱ አይደለም፤ የሚንቀጠቀጥ ላሜራ ላይ ሲለጠፍ ላሜራውን ያከብደዋል፣ ያረጋጋዋል። በር ሲዘጋ "ጧ" የሚለው "ዱብ" ይሆናል። የጎማና የጠጠር ድምፅም ይቀንሳል። ከሱ ጋር የሚሸጠው ስፖንጅ ግን ለዚህ በሽታ መድኃኒት ሊሆን አይችልም። 100 ኸርዝ ያለው ድምፅ አየር ውስጥ አንዱ ሞገድ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። እንዲህ ያለውን ሞገድ በስፖንጅ ለመምጠጥ የስፖንጁ ውፍረት ወደ ሜትር መጠጋት አለበት። የሚለጠፈው የጣት ውፍረት እንኳ የሌለው ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን ወንበር አስነቅሎ፣ ሁለት ቀን መኪናውን አቁሞ፣ ብዙ ብር ከፍሎ የሚያገኘው የከበደ መኪና ነው። ቢሠራ እንኳ የሚያርፈው ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ያ መኪና ወደ ግቢ ሲገባ ጎረቤቱ የሚሰማው ድምፅ ያው ነው። ድምፅን ከምንጩ መያዝና ጆሮን መሸፈን አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ገንዘብ ያለውን ብቻ ያድናል።

እንግዲህ ከምንጩ። ሥራው ከቱቦ በፊት ከመኪናው ሥር በመግባት ይጀምራል፤ ግማሹ ጉምጉምታ እዚያ ያልቃል።

ማርሚታ በመኪናው ወለል ላይ የሚንጠለጠለው በጎማ ማንጠልጠያ ነው። ጎማው እዚያ የተደረገው የቱቦው መንቀጥቀጥ ወደ ላሜራው እንዳያልፍ ነው። ጎማው ሲበጠስ ምን ይደረጋል? በሽቦ ይታሰራል። ሽቦው ማርሚታውን ከመውደቅ ያድነዋል፤ ግን ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የመኪናው ወለል በሙሉ የማርሚታው ስፒከር ሆነ። ማንጠልጠያው ጎማ ለብዙ መኪና የሚገጥም፣ ሶማሌ ተራ በየሱቁ የተሰቀለ ዕቃ ነው። ሽቦ ፈትቶ ጎማ ማስገባት ሳይሞከር ስለ ሌላ መፍትሔ ማውራት አያስፈልግም። ቱቦው በአክሰሱ ወይም በወለሉ ላይ የሚነካበት ቦታ ካለም የዝገቱ መፋቅ ያሳብቃል። የቱቦው ጫፍ ደግሞ ከኋላ ፓራውልቱ ወጣ ማለት አለበት። ላሜራ ለመቆጠብ አጥሮ ከመኪናው ሆድ ሥር የቀረ ጫፍ ድምፁንም ጭሱንም ወደ ላይ ነው የሚተፋው።

ጭሱ ከድምፁ የባሰ ነው። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ቀዳዳ ካለው ማርሚታ ወጥቶ፣ በተበላ ወለል ወይም ጎማው ባለቀ የኋላ ክዳን በኩል ይገባል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ነው። ልብ በሉ፣ ሰው ከረጅም መንገድ በኋላ "ድምፁ ራሴን አመመኝ" ሲል የሚዘረዝረውም እነዚሁን ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከውስጥ ሆኖ አይቻልም። ኋላ ወንበር ላይ "ተኝቷል" የተባለ ሕፃን በእርግጥ ተኝቶ እንደሆነ ማንም አያጣራም። ስለዚህ አዲስ ያልነበረ ጉምጉምታ የጀመረ መኪና በመጀመሪያ የሚታየው የትም ጋ እንዳያፈስ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነስቶ የቱቦውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ማፈን፣ የሚያፈስበት ቦታ "ፍስስ" ሲል ማዳመጥ ነው። ይህ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይደረግም፤ ደጅ ነው።

ማንጠልጠያው ጎማ ሆኖ፣ ቱቦው ሳያፈስ አሁንም ካጉረመረመ ጥፋቱ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ማርሚታ ውስጡ በክፍል የተከፋፈለ፣ ቱቦዎቹ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱበት፣ ለዚያው ሞተር ተለክቶ የተሠራ ነው። ብዙ መኪና ከሱ በፊት መሐል ላይ ሌላ ትንሽ ማርሚታም አለው፤ ዝገት ሲበላው "ይቺ እንኳ ብዙም አታስፈልግም" ተብላ በባዶ ቱቦ የምትተካው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ጉምጉምታውን ይዛ የኖረችው እሷ ነበረች። በሰፈር የሚቀጠቀጠው ማርሚታ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ ቀለሙም ያብረቀርቃል። ውስጡ ግን አንድ የተበሳሳ ቱቦና ዙሪያውን የተጠቀጠቀ የብረት ወይም የመስታወት ጭረት ሊሆን ይችላል። ጭረቱ ሹል ድምፅን ይውጣል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል፤ እያደርም ተቃጥሎ በቱቦው ይወጣል። ደንበኛው ሆዱን ከፍቶ አያይም። ሲገዛ በእጅ መዝኖ "ከባድ ነው" ማለት ብቻ ነው ያለው።

የሚቀረው መፍትሔ አንድ አፉ የተደፈነ ቱቦ ነው።

ትምህርት ቤት የብዕር ክዳን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያላፏጨ ልጅ የለም። ክዳኑ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን። አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ርዝመቱ የሚወስነው አንድ ድምፅ አለው። ይህን ቱቦ በዋናው የጭስ ማውጫ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ሲበይዱት የግፊቱ ምት ወደ ቅርንጫፉ ይገባል፣ ከድፍኑ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ርዝመቱ በትክክል ከተለካ፣ ሲመለስ ግማሽ ምት ዘግይቶ ይደርሳል። ያኔ ዋናው ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ከፍ ሲል የተመለሰው ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ጭሱ አይታገድም፤ በዋናው ቱቦ እንደ ልቡ ይሄዳል። ሞተሩ ጉልበት አያጣም። የሚጠፋው ያቺ አንዷ ድምፅና ጎረቤቶቿ ናቸው። ውጭ አገር መኪና የሚያሻሽሉ ሰዎች ቅርጹን አይተው በላቲን ፊደል "ጄ" ይሉታል። አንዳንዱ በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄልምሆልትስ ስም ይጠራዋል፤ የእሱ ግን እንደ ጠርሙስ አንገትና ሆድ ያለው ዕቃ ነው፣ ሌላ ነገር ነው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። የቱቦው ርዝመት የሞገዱ ሩብ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ትኩስ ስለሆነ ድምፅ ከአየር ይልቅ ይፈጥናል፤ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ በሰከንድ 435 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጉምጉምታው 100 ኸርዝ ላይ ከሆነ 435 ለ400 ተካፍሎ 1 ሜትር ከ9 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 80 ኸርዝ ከሆነ 1 ሜትር ከ36። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ቪትዝ 60 ኸርዝ ላይ ካጉረመረመ ወደ 1 ሜትር ከ80 ይሄዳል፤ በዚያች መኪና ሥር ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቱቦው ቀጥ ማለት የለበትም፤ ተጣጥፎ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፣ የሚቆጠረው ርዝመቱ ነው። ስፋቱ ከዋናው ቱቦ ጋር ቢመሳሰል ይመረጣል። ወደ ቱቦው መውጫ ጫፍ ተጠግቶ መበየድ ግን ድካምን ማባከን ነው፤ እዚያ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ቅርንጫፉ የሚያጠፋው ነገር አያገኝም። ከማርሚታው በፊት ያለው ቦታ ይሻላል።

የጋዙን ሙቀት ማንም ጋራዥ በትክክል አይለካም። ስለዚህ ብልህ በያጅ ከስሌቱ አሥር ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ ይጀምራል፤ ድፍኑን በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ ይይዘውና ዙሪያውን በሙቀት የማይቀልጥ ሙጫ ያሽገዋል፤ መንገድ ላይ ይሞከራል። ድምፁ በዝቅተኛ ዙር ጠፍቶ በሚፈለገው ፍጥነት ካለ፣ ቱቦው ረዝሟል ማለት ነው፤ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እየተቆረጠ ይመጣል። ማሳጠር በመጋዝ ይሆናል፤ ማስረዘም ሌላ ብየዳ ይፈልጋል። ልኩ ሲገኝ ድፍኑ ዙሪያውን ይበየዳል። ውኃ እንዳይቋጥር ድፍን ጫፉ ወደ ላይ ትንሽ ቀና ይበል፤ አለዚያ በሁለት ክረምት ዝገት ይበላዋል።

ድምፅ ወዳጆቹ እዚህ ላይ ይቆጣሉ። ቅዳሜ ማታ ቦሌ ላይ ማርሚታውን ባዶ አስደርጎ የሚያስጮኸው ልጅ "ድምፁን ልታጠፉብኝ ነው" ይላል። አይጠፋበትም። ሲረግጥ የሚያገሳው ድምፅ ሰፊ ነው፤ ቅርንጫፉ የሚነካው ጠባብ ነው። እሱ የሚወደውን አይነካበትም፣ አዳማ እስኪደርስ የሚያሰቃየውን ይወስድለታል። ጎረቤቱን የሚቀሰቅሰው ግን ያ የሚወደው ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የሚያስታርቅ ቱቦ የለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን እንደ ብክለት ከቆጠረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሕጉ ለባዶ ማርሚታም ይሠራል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተደርጓል። የኤሌክትሪኮቹ ማርሚታ የላቸውም፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ሁሉ ነገ አይጠፋም፤ እንዲያውም ምትክ ስለሌለው ከቀድሞው ይበልጥ ይቆያል፣ ይበልጥ ይበየዳል። ስለዚህ የማርሚታ ሥራ በቀጣዮቹ ዓመታት የሚበዛ ሥራ ነው። ዓመታዊው ምርመራ ፍሬንና መብራት ሲያይ ማርሚታው በሽቦ መታሰሩንና ማፍሰሱን ማየት አይከብደውም፤ ጎንበስ ማለት ነው የሚጠይቀው። ማርሚታ ሠሪዎቹም እጅ አላቸው፤ ከአንድ የተጣለ ላሜራ ክብ ሳጥን አውጥተው ስፌቱ የማይታይ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። ያጡት የርዝመት ስሌቷን ብቻ ነው። እሷንም ደንበኛው ዙሩን ለ30 አካፍሎ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሊወስድላቸው ይችላል።

ሙከራው ወደ አዳማ ሲወርዱ ሳይሆን ሲመለሱ ይደረግ። ሲወርዱ እግር ከነዳጁ ላይ ቀለል ስለሚል ማንኛውም ማርሚታ ጨዋ ይመስላል። ከአዳማ ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ አቀበቱን ሲመጡ፣ መኪናው ሰው ጭኖ፣ ነዳጁ ተረግጦ፣ በ100 ሲሄድ ነው የሚታወቀው። ባለመኪናውም ያን ጊዜ ከኋላ ይቀመጥ።